ሹሩባሽን እየሠራሁ የምነግርሽ

ነይ፣ በርጩማዋን ሳቢና ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ተቀመጪ። ዝቅ ያለችውን ያመጣሁት አውቄ ነው፤ አንቺ ከፍ ካልሽ የእኔ ክንድ ከደረቴ በላይ ይወጣና ሁለት መስመር ሳልጎነጉን ይዝላል። ቅባቱን አንቺ ያዢልኝ፣ ሚዶው ጭኔ ላይ አለ።

ባለፈው ቅዳሜ እንጀራ ስትጋግሪ አይቼሻለሁ። ልጆቹ ስለነበሩ ዝም አልኩ። የምጣዱን አክንባሎ በቀኝሽ ልታነሺ ስትይ ክንድሽ መሃል መንገድ ላይ ቆመ፤ ግራ እጅሽ መጥታ ከክርኑ ስር ደግፋ አወጣችው። አንቺ አላስተዋልሽውም። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስለኖርኩ ገና ከሩቅ አወቅሁት።

«ብርድ ነው እታለም፣ ይተወኛል» አልሽኝ በጥምቀት ጊዜ። አሁን ፍልሰታ ሊገባ ነው። ሰባት ወር የሚቆይ ብርድ የለም። በእነዚህ ሰባት ወራት የተውሽውን ልቁጠርልሽ፦ ፀጉርሽን ራስሽ መሥራት ትተሻል፣ ለዚህ ነው ዛሬ እዚህ የተቀመጥሽው። የጡት መያዣሽን ፊት ለፊት ቆልፈሽ ወደ ኋላ ታዞሪዋለሽ። ነጠላሽን እንደ ድሮው ወደ ትከሻሽ አትወረውሪውም፣ ጎትተሽ ታስቀምጪዋለሽ። በቀኝ ጎንሽ መተኛት ከቀረ ቆይቷል። በሕማማት ስግደት ላይ በአንድ እጅሽ ብቻ መሬት ስትደገፊ ከኋላሽ ነበርኩ። «ለምጄዋለሁ» ትያለሽ። አልለመድሽውም እህቴ። ክንድሽ ያቃተውን እያየሽ ሥራውን አንድ በአንድ ስትቀንሺለት ነው የቆየሽው። ትከሻ ደግሞ ያልሠራበትን እንቅስቃሴ ይረሳል፣ ከረሳ በኋላ ማስታወሱ ብዙ ልፋት ነው።

እስቲ ሚዶውን ላስቀምጥ፣ አንድ ነገር ልይ። ሁለቱንም ክርኖችሽን ከወገብሽ ጋር አጣብቂ፣ እጆችሽን ወደ ፊት ዘርጊ። አሁን ክርንሽን ሳታላቅቂ ሁለት መዝጊያ እንደምትከፍቺ እጆችሽን ወደ ውጭ ክፈቺ። ግራው ሄደ። ቀኙ እዚያው ቀረ። አሁን አንቺ ልቀቂውና እኔ ቀስ ብዬ ልግፋው… አይሄድም። ይበቃል፣ ይበቃል፣ አላስገድደውም።

ይህን ያሳየችኝ የእኔ ሐኪም ናት። ጅማቱ ብቻ የተበጠሰ ሰው ክንዱን ራሱ ማንሳት ያቅተዋል እንጂ ሌላ ሰው ቢያነሳለት አብዛኛውን ጊዜ ይሄዳል። አንቺም አልቻልሽ፣ እኔም ስገፋው እምቢ ካለ ግን መገጣጠሚያው ራሱ ተይዟል ማለት ነው። መገጣጠሚያን በዚህ መንገድ በብዛት የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም መጨረሻቸውም ይለያያል።

አንደኛው የእኔ ነው። ትከሻ ማለት የክንድ አጥንት ድቡልቡል ራስ፣ ከጀርባችን ጠፍጣፋ አጥንት ጫፍ ላይ ካለች ጠፍጣፋ ጎድጓዳ ጋር የሚገናኝበት ነው። ብርቱካን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ እንዳስቀመጥሽው ቁጠሪው። ብርቱካኑ ትልቅ፣ ማስቀመጫው ትንሽ። እንደ ልባችን የምናዞረው ለዚህ ነው፣ በቀላሉ የሚወልቀውም ለዚህ ነው። ሁለቱ አጥንቶች የሚነካኩበት ቦታ ተልጦ እንደተቀመጠ የተቀቀለ እንቁላል ልስልስ ባለ ሽፋን ተሸፍኗል፤ ሐኪሞቹ ካርቲሌጅ ይሉታል። ይህ ሽፋን የህመም ነርቭ የለውም። ሲሳሳ፣ ሲሰነጠቅ፣ ሲላጥ ዝም ነው። የሚያምሽ ጉዳቱ ከስሩ ያለው አጥንትና መገጣጠሚያውን ከውጭ የከበበው ሌላ ሽፋን ዘንድ ሲደርስ ነው፤ ያለቀው ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። የትከሻ አንጓ ብግነት የሚሉት ይህ ነው፣ እኛ ቁርጥማት የምንለው። ትከሻ እንደ ጉልበት የሰውነትን ክብደት ስለማይሸከም ከጉልበትና ከዳሌ ይልቅ በዚህ በሽታ የሚጠቃው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ማንም ቶሎ የማይጠረጥረው።

የእኔ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ። አንቺ ልጅ ሳለሽ ከደረጃ ወድቄ ትከሻዬ ወልቆ አባባ ወጌሻ ዘንድ ወሰደኝ። ገባ፤ አሽተው አሰሩልኝ፣ በወሩ እንስራ አነሳሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ወለቀ። አንዴ የወለቀ ወይም የተሰበረ ትከሻ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንኳ ሽፋኑ ሊያልቅ እንደሚችል ማንም አልነገረኝም። ህመሙ ሲመጣ 55 ዓመቴ ነበር። ሐኪሜ ራጁን መብራት ላይ ሰቅላ አሳየችኝ። ሽፋኑ በራጅ ስለማይታይ በጤነኛ ትከሻ ላይ በሁለቱ አጥንቶች መሃል ጥቁር ክፍተት ይታያል። የእኔ ክፍተት የለም፣ አጥንቱ አጥንቱን ነክቶታል። ከክንዴ አጥንት ራስ ግርጌ ደግሞ እንደ ፍየል ጢም ወደ ታች የተንጠለጠለ አጥንት በቅሎ ነበር። ለካ ሌሊት ስገላበጥ ቅርጭ ቅርጭ የሚለው እሱ ኖሯል።

ሁለተኛው ደግሞ «የቀዘቀዘ ትከሻ» የሚባለው ነው። በዚህኛው የእንቁላሉ ሽፋን ደህና ነው፣ ራጁም ደህና ይመስላል፤ የሚያብጠውና የሚኮማተረው መገጣጠሚያውን እንደ ከረጢት የያዘው ስስ ሽፋን ነው። ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይበዛል። አንቺ 52 ዓመትሽ ነው፣ ስኳርሽም ስድስት ዓመት ሞልቶታል። ለዚህ ነው የእኔን መድኃኒት ቆርሼ የማልሰጥሽ። የእኔ አይመለስም፣ ማስታገስና መግራት ብቻ ነው። ያንቺ ይህኛው ከሆነ ግን በዓመት፣ በሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም በሦስት አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የሚለቅ ነው፤ ስኳርሽን ካስተካከልሽና እንቅስቃሴውን ካልተውሽው። የትኛው እንደሆነ ሳናውቅ ማከም በጨለማ ክር መርፌ ውስጥ እንደመክተት ነው።

ራስሽን ወደ ግራ ዘንበል አድርጊልኝ። እንዲያ።

ሌሎችም አሉ፣ ባጭሩ ልጥቀስልሽ። በአንገት ስር አግድም የሚሄደው አጥንት ከትከሻ ጫፍ ጋር የሚገናኝባት ትንሽ መገጣጠሚያ አለች። ህመሙ ከላይ በጣትሽ የምታሳዪው ቦታ ላይ ሆኖ፣ እጅሽን ወደ ሌላው ትከሻ ስታሻግሪ የሚብስ ከሆነ እሷ ናት። ሁለቱም ትከሻ አንድ ላይ፣ ከጣቶች አንጓ ጋር፣ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ደርቆ የሚቆይ ከሆነ ደግሞ ሰውነት ራሱን የሚወጋበት የቁርጥማት ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ያ የራሱ መድኃኒት አለው፣ ቶሎ ካልተጀመረ መገጣጠሚያውን ይበላዋል። ለእሱ ከሚሰጡት አንዱ ሜቶትሬክሴት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚዋጠው፤ በየቀኑ ከተዋጠ ሊገድል ይችላል። ከአንገት ተነስቶ ክርንን አልፎ ጣት ድረስ የሚነዝርና የሚያደነዝዝ ህመም ከሆነ ችግሩ አንገት ላይ ሊሆን ይችላል። ሪህ የሚሉሽን ሁሉ ደግሞ አትስሚ። ሪህ አብዛኛውን ጊዜ በእግር አውራ ጣት ነው የሚጀምረው፣ አንቺ ሥጋ ብትተይ ትከሻሽ አይከፈትም።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ፣ አንቺ እንዳትደግሚው። ህመሙ እንቅልፍ ሲነሳኝ ሰፈር ካለ ክሊኒክ እየሄድኩ ዲክሎፌናክ እወጋ ነበር። መጀመሪያ በወር፣ ከዚያ በሳምንት። ሲወጉኝ ሁለት ቀን እንደ ወጣት እሆናለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ቡና እወቅጣለሁ። ማንም ራጅ ተነሺ አላለኝም፣ ጨጓራ አለብሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝም የለም። ከአምስት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ወጣ፣ ስነሳ ዞረብኝ። ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኛሁ፣ ሁለት ከረጢት ደም ሰጡኝ። ለእናንተ «ጨጓራ ነው» ብዬ ነበር፤ እውነቱ ይህ ነው። ትከሻዬ ደግሞ በእነዚያ አምስት ወራት አንድ ስንዝር አልተሻለውም፣ ዝም ብቻ ነበር ያለው።

አንቺ የደም ግፊትም መድኃኒት ትወስጃለሽ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን ብቻ ሳይሆን ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። ኩላሊትሽን ያየ ሐኪም ለጥቂት ቀን ካዘዘልሽ ውሰጂ፣ ግን ከምግብ ጋር፣ ሁለቱንም ዓይነት ባንድነት ሳታደርጊ። ፍልሰታን እስከ 9 ሰዓት ስትጾሚ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ያለ ውሃ እንዳትውጪው፤ ሰዓቱን ለሐኪሙ ንገሪና ከ9 ሰዓት በኋላ ያድርግልሽ። የስኳሩንም መድኃኒት እንዲሁ። አልጠየቁኝም ብለሽ ዝም አትበይ፣ አንቺ ንገሪያቸው። እንደ ቅባት የሚቀባው ዲክሎፌናክ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ይሻላል፤ ለላይኛዋ ትንሽ መገጣጠሚያ ሊረዳ ይችላል፣ ዋናው ግን ከወፍራም ጡንቻ ስር ስለሆነ ብዙም አይደርሰውም። ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራሙን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አታሳልፊ፤ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ተደባልቆ ስለሚገኝ ሳታውቂ ታልፊዋለሽ፣ ጉበት ነው የሚከፍለው።

ደግሞ ስሚኝ፣ ይህን በጣም ስሚኝ። ስሙ ያልተጻፈበት እንክብል «ለቁርጥማት አንደኛ ነው» ብሎ ማንም ቢሰጥሽ እንዳትቀበዪ። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ሊሆን ይችላል። በማግስቱ ሽሮ ታማስያለሽ፣ ደስ ይልሻል። ስኳርሽ ግን ሰማይ ይነካል፣ ፊትሽ ያብጣል፣ አጥንትሽ ይሳሳል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ የክንድ አጥንት ራስ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል፤ ሲሞት ይሰባበራል፣ ሽፋኑም አብሮ ያልቃል። ለትከሻሽ ብለሽ የወሰድሽው ትከሻሽን ይጨርሰዋል። ዘመዶች ከውጭ በሻንጣ የሚልኩት ግሉኮሳሚን እንኳ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ መጥቀሙ ግን ሲመረመር አጥጋቢ ማስረጃ አልተገኘለትም። ገንዘቡን ለፊዚዮቴራፒ ቢሰጡሽ ይሻል ነበር።

ጠበሉን አትተዪ፣ እኔም አልተውኩም። መድኃኒቱን ግን ከጠበሉ ጋር። ማሸትም ለጡንቻ ደግ ነው፤ የተያዘን ትከሻ ግን «እናስለቅቀው» ብለው እንዲጎትቱት አትፍቀጂ፣ ወጌሻም ይሁን የማንም እጅ። አጥንቱ ሊሰበር፣ ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል።

ቅባት ጨምሪልኝ። የመሃሉ መስመር ደርሷል።

እኔን ያዳነኝ ምን እንደሆነ ትጠይቂኛለሽ። መዳን አይደለም፤ ግን ይኸው ፀጉር እጎነጉናለሁ። ያስተካከለኝ አንድ ነገር መለየቴ ነው፦ ሸክሙን ቀንሺለት፣ እንቅስቃሴውን ግን አትቀንሺበት። እኛ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ጀሪካኑን አንሸከምም አንልም፣ እጃችንን ወደ ላይ መዘርጋት ግን እንተዋለን።

ሸክሙን እንዴት? ጀሪካኑን ልጆቹ ያንሱት፣ ወይም በግማሽ ሙዪው። አክንባሎውን በግራሽ አንሺ። ሊጡን በትንሽ ጣሳ፣ ክርንሽን ከጎንሽ ሳታርቂ አዙሪ። ሙቀጫውን ተይው፣ ቡናውን አስፈጪ። ታክሲ ውስጥ ከላይ ያለውን ብረት አትያዢ፣ የወንበሩን ጀርባ ያዢ። ቀሚስ ስትለብሺ የታመመው እጅ ይቅደም፣ ስታወልቂ የታመመው ይከተል። ስትተኚ በደህናው ጎንሽ ሆነሽ ትራስ ታቀፊና የታመመው ክንድ እሱ ላይ ይረፍ፤ በጀርባሽ ከተኛሽ ከክርንሽ ስር የታጠፈ ጋቢ አድርጊ። ለእኔ ከመድኃኒት ሁሉ በላይ እንቅልፍ የሰጠኝ ያ ጋቢ ነው።

እንቅስቃሴው ደግሞ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፎጣ በሞቀ ውሃ ነክረሽ ጨምቂና ትከሻሽ ላይ 15 ደቂቃ አቆዪው። ስኳር ስላለብሽ ሙቀቱን በግራ ክርንሽ ለኪው፣ እንዳያቃጥልሽ። ከዚያ በደህናው እጅሽ ጠረጴዛ ተደግፈሽ ጎንበስ በይ፣ የታመመው ክንድ እንደ ደወል ምላስ ይንጠልጠል። አንቺ አታንቀሳቅሺው፤ ወገብሽን ስታወዛውዢ እሱ ራሱ ትንሽ ትንሽ ክብ ይሥራ። ደስ ይላል፣ አጥንቱ ከአጥንቱ ትንሽ የሚላቀቅ ያህል ይሰማሻል። ቀጥሎ አልጋ ላይ በጀርባሽ ተኝተሽ የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጅሽ ያዢ፣ ደህናው እጅ የታመመውን እየመራ ወደ ላይ ይውሰደው፤ ከዚያ ክርንሽን ከጎንሽ ሳታላቅቂ ወደ ውጭ ይግፋው። ያች ቅድም እምቢ ያለችሽ መዝጊያ በዚህ ነው የምትከፈተው። መጨረሻ ላይ ግድግዳ ፊት ቆመሽ ጣቶችሽን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ አራምጃቸው፣ የደረስሽበትን በእርሳስ ምልክት አድርጊ። የእኔ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የእርሳስ መሰላል አለ፣ ቀለም ሲቀቡ እሷን አታጥፉ ብያለሁ። የመጀመሪያው ወር ሁለት ጣት አልሞላም። በስድስተኛው ወር ከመስኮቱ በላይ ነበር።

ትንሽ ሊያምሽ ይችላል። በአንድ ሁለት ሰዓት ከለቀቀሽ ችግር የለውም፣ በነጋታው ካደረ አብዝተሻልና ቀንሺ። በቀን አንዴ ረጅም ከማድረግ ሁለት ሦስት ጊዜ አጭር ይሻላል። ይህን ሁሉ ግን ሰኞ የምወስድሽ ሐኪም ወደ ፊዚዮቴራፒ ልኮሽ፣ ባለሙያዎቹ በዓይናቸው እያዩ ያስተካክሉልሽ፤ የእኔ ለእኔ ነው።

መገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጥ የኮርቲዞን መርፌ አለ፣ እሱ ከዚያ የክሊኒክ መርፌ የተለየ ነው። እኔ ሁለቴ ወስጃለሁ። ለሳምንታት፣ ሲሳካ ለጥቂት ወራት ያስታግሳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው እንቅስቃሴውን አጠንክረሽ የምትሠሪው። በቀዘቀዘ ትከሻም መጀመሪያ አካባቢ ይረዳል። በመሃሉ ቢያንስ ሦስት ወር ይለፍ። አንቺ ላይ ስኳርሽን ለቀናት ከፍ ስለሚያደርግ ሳይወጉሽ በፊት ተናገሪ፣ ከዚያ በኋላም እየለካሽ ቆዪ። ቀዶ ሕክምና ያሰበ ሰው ደግሞ ቀድሞ ባሉት ሦስት ወራት ባይወጋው ይመረጣል፣ ኢንፌክሽን ይጋብዛል።

ቀዶ ሕክምናውን አትፍሪው፣ አትቸኩዪበትም። ሰው ሠራሽ ትከሻ አዲስ ነገር አይደለም። ፓሪስ ውስጥ ፔያን የሚባል ሐኪም በ1893 እ.ኤ.አ. ትከሻውን ቲቢ ለበላው ሰው ከፕላቲኒየምና ከጎማ የተሠራ አስገብቶ ነበር፤ ኢንፌክሽኑ ስላልለቀቀው በሁለት ዓመት ገደማ ወጣ። ዛሬ ከአሥር ሰዎች ዘጠኙ ያህል በአሥረኛው ዓመትም ያስገቡት ትከሻ ይሠራላቸዋል። ጅማታቸው ለተበጠሰ ደግሞ ግራሞንት የተባለ ፈረንሳዊ በ1985 እ.ኤ.አ. የሠራው የተገለበጠ ትከሻ አለ፦ ኳሱን በሲኒ ማስቀመጫው ቦታ፣ ማስቀመጫውን በኳሱ ቦታ ያደርጉታል፣ ክንድን የሚያነሳው ጅማቱ መሆኑ ቀርቶ የትከሻ ጫፍ ላይ ያለው ትልቁ ጡንቻ ይሆናል። አሜሪካ ያለችው የአክስታችን ልጅ ያስገባችው እሱን ነው። ስድስት ሳምንት ክንዷን አንጠልጥላ ነበር፣ ከባድ ነገር እስከ ዛሬ አታነሳም፣ ግን ሌሊቱን ትተኛለች። እኔም እንቅልፍ የሚነሳኝ ቀን ተመልሶ ከመጣ አደርገዋለሁ። እስከዚያው የእርሳስ መሰላሌ ይበቃኛል።

አንድ ነገር ብቻ ሰኞን አይጠብቅም። ትከሻሽ ካበጠ፣ ከጋለ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለሽ ያ መግል ሊሆን ይችላል፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል። ትከሻ ወይም ክንድ፣ ይልቁንም የግራው፣ ደረት ከመጨነቅ፣ ከላብ፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ከማቅለሽለሽ ጋር ካመመሽ ልብ ነው ብለሽ ሩጪ፤ ስኳር ያለባት ሴት የልብ ህመሟ ደረቷን ሳያማት ሊመጣ ይችላል። ደውዪልኝ፣ እኩለ ሌሊትም ይሁን።

ቀና በይ፣ ጨርሻለሁ። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በርሽ ላይ ነኝ። የስኳር ደብተርሽን ያዢ፣ የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው በፌስታል አድርጊያቸው፣ ከሰው የተቀበልሽው ካለም ሳትደብቂ። ከፊት የሚከፈት ልብስ ልበሺ፣ ራጅ ሲያነሱሽ በጭንቅላትሽ እንዳታወልቂ። «መቼ ጀመረሽ» ሲሉሽ «ከትናንት ወዲያ» እንዳትዪ፤ ከጥምቀት ጀምሮ ነው በያቸው፣ ነጠላውን፣ ስግደቱን፣ እንቅልፉን ንገሪያቸው።

ሻሹን አምጪ። አይ፣ እጅሽን አውርጂው፣ እኔ አስርልሻለሁ።